ለጅብ መንገድ የተወች ከተማ

ሐረር በተነሳች ቁጥር ብዙ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ጅቡ ነው። ስለ ቡናዋ፣ ስለ መስጊዶቿና ስለ ጥንታውያን ቤቶቿ የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። «እውነት ጅብ በከተማው ውስጥ ይዞራል? እውነት ሰው በእጁ ያበላዋል?» ይላል። መልሱ «አዎን» ነው። ይሁን እንጂ እኛ ከዚያች ከተማ ይዘነው የተመለስነው ትምህርት ከአውሬው ይልቅ የሰውን ልብ የሚመለከት ነው። ጭንቀት የቤቱን በር ላንኳኳበት ቤተሰብ ሁሉ ይጠቅማል ብለን ስላመንን፣ ውድ አንባቢያን፣ ከጉዞ ማስታወሻችን ጥቂቱን እናካፍላችኋለን።

በ2011 ዓ.ም. የክረምት ዕረፍት በአንድ ትምህርት ቤት የምናስተምር አራት መምህራን ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሳን። የአዋሽን ሸለቆ አቋርጠን ከሰዓት በኋላ ድሬዳዋ ገባን። ከድሬዳዋ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪናው የደንገጎን ጠመዝማዛ አቀበት ሲወጣ የቆላው ሙቀት ከኋላችን ቀረ፤ ሐረማያንና አወዳይን አልፈን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሐረር ደረስን። ከአራታችን አንዱ የሐረር ልጅ በመሆኑ ያረፍነው በጀጎል ውስጥ በሚገኘው በአጎቱ ቤት ነበር።

ከመካከላችን ስሙን የማንጠቅሰው የሒሳብ መምህር ወንድማችን ግን መንገዱን ሁሉ በመከራ ነው የተጓዘው። ይህ ወጣት ሁለት ዓመት ለሚሆን ጊዜ ከጭንቀት ጋር ሲታገል ኖሯል። ሰው በተሰበሰበበት ወይም በቶሎ መውጣት በማይቻልበት ቦታ ልቡ በድንገት መምታት ይጀምራል፤ ትንፋሹ ያጥረዋል፤ እጁን ላብ ያጠምቀዋል። «አሁን ልወድቅ ነው፣ አሁን ልሞት ነው» የሚል ሐሳብ ይይዘዋል። ሁለት ጊዜ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ ልቡ ተመርምሯል፤ ጤነኛ መሆኑም ተነግሮታል። ሐሳቡ ግን አልተወውም።

በዚህ የተነሳ ኑሮው ቀስ በቀስ ጠበበ። በጁሙዓ ቀን ከመጨረሻው ሰፍ፣ ከበሩ አጠገብ ካልሆነ አይቆምም። አውቶቡስ ከተሳፈረ ከሹፌሩ ኋላ ካልሆነ አይቀመጥም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የተቀጠረውን ኒካህ ሁለት ጊዜ በሰበብ ማስተላለፉ ነው። በዚያ ቀን በሁለት ቤተሰብ ሽማግሌዎች መካከል መቀመጥ፣ ሁሉም ዓይኑን ሲጥልበት ቃል መስጠት አለበት። «በመካከል ቢይዘኝስ? ተነስቼ ብሮጥስ?» ይላል። የልጅቷ ቤተሰቦች ምክንያቱን ስለማያውቁ «ልጃችንን ጠልቷታል» ማለት ጀምረው ነበር። አንድ የማይታይ ፍርሃት የአንድን ጎጆ መሠረት ሊያፈርስ ተቃርቦ ነበር ማለት ነው።

በባቡሩ ውስጥ አጠገቡ ተቀምጠን ትግሉን ለማየት ችለናል። ውኃ በእጁ ይዟል፤ ከአንድ እስከ መቶ ይቆጥራል፤ የእጁን የደም ሥር እየዳበሰ የልቡን ምት ይለካል። ዚክርም ያደርጋል፤ ነገር ግን ሁለትና ሦስት ጊዜ ብሎ ያቆምና «ሄደልኝ ወይስ አልሄደልኝም?» ብሎ ውስጡን ይመረምራል። ዚክር አላህን ማስታወሻ ነው። እርሱ ግን ፍርሃቱን ማባረሪያ ዱላ ስላደረገው ዓይኑ ከፍርሃቱ ላይ አልተነሳም። ደንገጎ ስንደርስ ከጉዞው ይልቅ ከትግሉ የተነሳ ዝሎ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ከተማዋን ለማየት ወጣን። ጀጎል የሚባለው የድንጋይ ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ዘመን እንደተሠራ ይነገራል። በውስጡ ወደ 48 ሄክታር በሚጠጋ ቦታ ላይ 82 መስጊዶችና ከ100 በላይ የዚያራ ሥፍራዎች ይገኛሉ። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከጥንት ጀምሮ የነበሩት በሮች አምስት ሲሆኑ ሐረሪዎች አስመዲን በሪ፣ በድሮ በሪ፣ ሱቁታት በሪ፣ አርጎብ በሪና አሱም በሪ ይሏቸዋል። በአሚሮቹ ዘመን እነዚህ በሮች ማታ ማታ ይዘጉ ነበር።

የልብስ ሰፊዎቹን ሰፈር መኪና ግርግርን አልፈን ወደ ጠባቦቹ መንገዶች ገባን። ግራና ቀኙ በኖራ የተለሰነ ከፍ ያለ ግድግዳ ነው፤ አንዳንዱ ነጭ፣ አንዳንዱ ሰማያዊ፣ አንዳንዱ አረንጓዴ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መንገድ አለ። ወንድማችን በዚያ ሲደርስ እርምጃው ፈጠነ፤ ፊቱ ገረጣ። ያስጎበኙን የነበሩት አጎት ነገሩን ቢያስተውሉም ምንም ሳይናገሩ ወደ ሰፊው ጎዳና ይዘውን ወጡ።

ከዚያም ወደ ግንቡ እግር ወስደው አንድ ቀዳዳ አሳዩን። ሰው ጎንበስ ብሎ የማይገባበት፣ ለውሻ ግን የሚበቃ ቀዳዳ ነው። በሐረሪ ቋንቋ ወረባ ኑዱል ይሉታል፤ የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው። በሮቹ ከተዘጉ በኋላ ጅቦች በዚህ ገብተው በየመንገዱ የተጣለውን አጥንትና ጥራጊ በልተው ሳይነጋ ይወጡ ነበር። ዛሬም ሌሊት በከተማይቱ ጎዳናዎች ይመላለሳሉ።

«አባታችን፣» አልናቸው፣ «ጦርን ለመመከት ይህን የሚያህል ግንብ የሠራ ሕዝብ ለአውሬ ቀዳዳ መተዉ እንዴት ነው?»

አዛውንቱ ፈገግ አሉ። «ልጆቼ፣ ግንቡ ለጦር ነው። ጅብ ጦር አይደለም። ብትከለክሉት ሌሊቱን ሙሉ ከበር ላይ ሲጮህ ያድራል፤ እናንተም እንቅልፍ የላችሁም። በሌላ በኩል ሾልኮ ቢገባ ደግሞ መውጫ ያጣል። የሚነክሰው መውጫ ያጣው ጅብ ነው። መንገዱን ተዉለት፤ መጥቶ ይሄዳል።»

ወንድማችን ይህን ሲሰማ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቀዳዳውን ሲመለከት ቆየ።

ያን ዕለት ከመግሪብ በኋላ ከፈላና በር ውጪ ጅብ ወደሚበላበት ሜዳ ወረድን። ቅርጫት ሥጋ ይዞ የተቀመጠው ሰው ጅቦቹን በየስማቸው ይጠራል። ከጨለማው ውስጥ በመጀመሪያ ዓይናቸው፣ ቀጥሎም ጎባጣ ትከሻቸው ብቅ አለ። ሰውየው ሥጋውን በአጭር እንጨት ላይ እያደረገ ሲያጎርሳቸው፣ አንዳንዴም እንጨቱን በጥርሱ ነክሶ ሲያበላቸው አየን። ለእንግዶች የሰጠው ማሳሰቢያ አጭር ነበር፦ «አትሩጡ፣ እጃችሁን አታወናጭፉ፣ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ።»

ተራው ወንድማችን ዘንድ ሲደርስ ሊመለስ ፈልጎ ነበር። ልቡ መምታት ጀምሯል። ሆኖም ተንበረከከና እንጨቱን ያዘ። አንዲት ትልቅ ጅብ ቀርባ፣ ትንፋሿ እስኪሰማው ድረስ ቆማ፣ ሥጋውን ወስዳ ሄደች። ስንመለስ መንገድ ላይ «ፍርሃቱ አልሄደም ነበር» አለን። «ልቤ እስከ መጨረሻው ሲመታ ነበር። እጄ ግን ከቦታው አልተነሳም። እስከ ዛሬ ልቤ ሲመታ እጄን ማዘዝ የምችል አይመስለኝም ነበር።»

(ይህን ስንጽፍ አንባቢን ለማስጠንቀቅ እንወዳለን። ጅብ አውሬ ነው። የሐረሩ ነገር ብዙ ዘመን የተለማመዱ ሰዎች የሚመሩት ሥራ ነውና ማንም በሌላ ቦታ አይሞክረው።)

ለመሆኑ ወንድማችን ለሁለት ዓመት ሲታገል ያልተሻለው ለምንድን ነው? ሰውነታችን አደጋ የደረሰ ሲመስለው አድሬናሊን የተባለ ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቃል። ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ይበዛል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ይህ ለመሮጥ ወይም ለመከላከል እንድንችል አላህ የሰጠን ዝግጅት ነው። ችግሩ የሚመጣው ሰውየው የልቡን ምት ራሱን እንደ አደጋ ቆጥሮ የፈራ እንደሆነ ነው። ፍርሃቱ ሌላ አድሬናሊን ይጠራል፤ ልብ የባሰውን ይመታል፤ እርሱም የባሰውን ይፈራል። በዚህ መንገድ እሳቱን ለማጥፋት የሚሮጠው ሰው ራሱ እንጨት እየጨመረበት ነው። እንጨት ያልተጨመረበት እሳት ግን በጊዜው ይበርዳል።

ሐሳብንም በጉልበት ማባረር እንደማይቻል የተፈተነ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ዳንኤል ዌግነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ተማሪዎችን ሰብስቦ «ለ5 ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ አታስቡ፤ ካሰባችሁ ደወል ደውሉ» አላቸው። ደወሉ መላልሶ ተደወለ። ይባስ ብሎ ክልከላው ሲነሳ እነዚሁ ተማሪዎች ከመጀመሪያው እንዲያስቡ ከተፈቀደላቸው ይልቅ ድቡን አብዝተው አሰቡ። እኛም ከሐረር ስንመለስ በክፍላችን «ለ1 ደቂቃ ስለ ጅብ አታስቡ» ብለን ብንሞክር ክፍሉ በሣቅ ተሞላ። ያላሰበ አንድም ተማሪ አልነበረም።

ይህን የተረዱ ሐኪሞች በተለያየ አገር ተነስተዋል። በጃፓን ሾማ ሞሪታ የተባለው ሐኪም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሕመምተኞቹን ስሜታቸውን እንዳለ ተቀብለው የዕለት ሥራቸውን እንዲሠሩ ያስተምር ነበር። እርሱ ራሱም በወጣትነቱ በጭንቀት ተሠቃይቷል። አውስትራሊያዊቷ ሐኪም ክሌር ዊክስ በ1962 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ፍርሃቱን መጋፈጥን፣ መቀበልን፣ ሳይታገሉት አብሮ መንሳፈፍንና ጊዜ መስጠትን መክራለች። ከ1980ዎቹ ጀምሮም አሜሪካዊው ስቲቨን ሄይስና ጓደኞቹ መቀበልን መሠረት ያደረገ የሕክምና ዘዴ አዘጋጅተው ዛሬ በብዙ አገሮች ይሠራበታል።

የእኛም ሊቃውንት ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደሉም። በ322 ዓ.ሂ. ያረፉት አቡ ዘይድ አል-በልኺ «መሷሊሑል አብዳን ወል አንፉስ» በተሰኘው ሥራቸው የአካልን ጤንነት ከነፍስ ጤንነት ጋር አጣምረው ጽፈዋል፤ ስለ ፍርሃት፣ ስለ ሐዘንና ስለ ወስዋስ ለየብቻ ተናግረዋል። በ974 ዓ.ሂ. ያረፉት ኢብኑ ሐጀር አል-ሀይተሚ ደግሞ ስለ ወስዋስ መድኃኒት ተጠይቀው፣ ጥርጣሬው በነፍስ ውስጥ ቢመላለስም እንኳ ፈጽሞ ሳይሰሙት ማለፍ ነው ሲሉ መልሰዋል። ውዱእ አልሆነልኝም እያለ አሥር ጊዜ የሚታጠብ ሰው በቤታችን ካለ ይህን ያስታውስ። ጥርጣሬው እስኪጠፋ መጠበቅ የለበትም፤ ጥርጣሬውን እንደያዘ ወደ ሶላቱ ይግባ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ የመጡ ሶሐቦችም በአፋቸው ሊናገሩት የሚከብዳቸው ሐሳብ ወደ ልባቸው እንደሚመጣ ነግረዋቸው ነበር። ነቢዩ አልነቀፏቸውም፤ ሐሳቡን መጥላታቸውን የግልጽ ኢማን ምልክት አድርገው ተመለከቱት። ሰው እስካልተናገረው ወይም እስካልሠራበት ድረስ በነፍሱ ለሚመላለሰው ሐሳብ እንደማይጠየቅም ተላልፎልናል። በሱረቱ ጧሃ እንደተተረከው ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) በድግምተኞቹ ፊት ፍርሃት በነፍሳቸው ተሰምቷቸዋል። በዚህ አልተወቀሱም። ተጽናኑ፤ በእጃቸው ያለውን እንዲጥሉም ታዘዙ። ፍርሃት የተሰማው ሰው ኢማኑ የጎደለ ነው የሚሉ ወንድሞችና እህቶች ይህን ቢያስተውሉ መልካም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያሻል። ጭንቀትን መቀበል ማለት ጭንቀትን መታዘዝ ማለት አይደለም። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ሐረሪዎች ለጅቡ መንገድ ተዉለት እንጂ ቁርበት አላነጠፉለትም። ወንድማችንም «ልትሞት ነው» የሚለው ሐሳብ ሲመጣበት «መጣህ? እለፍ» ይበለው እንጂ ስለ እርሱ ብሎ ከሰፉ አይውጣ፤ ከአውቶቡሱ አይውረድ፤ ኒካሁን አያስተላልፍ። ሐሳቡ እንዲያልፍ ይፈቀድለታል፤ የቤቱን አባወራነት ግን አይሰጠውም። እውነተኛ አደጋ ሲመጣም ነገሩ ሌላ ነው። ቤት ሲቃጠል ተቀምጦ ፍርሃትን መቀበል ሞኝነት ነው፤ ልጅን ይዞ መውጣት ይገባል።

ቤተሰብስ ምን ያድርግ? የሐረሯ እናታችን፣ የአጎት ባለቤት፣ ያደረጉትን እንናገር። የሐረሪ ቤት ሳሎን ደረጃ ደረጃ ያለው መደብ አለው፤ ግድግዳው በስፌት ሥራ ያሸበረቀ ነው፤ ለእንግዳ የተለየ የክብር ቦታ ይሰጠዋል። በመጀመሪያው ማታ ወንድማችን ያን ትቶ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። እናታችን «ለምን?» አላሉም፤ «አይዞህ፣ አትፍራ» እያሉም አላስጨነቁትም። ቡናውን እዚያው አመጡለት። በሁለተኛው ማታ ራሱ ተነስቶ ከእኛ ጋር ከመደቡ ላይ ተቀመጠ። ማንም ይህን አላነሳበትም። «አትጨነቅ» የሚለው ቃል በመልካም ልብ ቢነገርም ለተጨነቀ ሰው ሌላ ጭንቀት ነው፤ አሁን ደግሞ መጨነቁን መደበቅ አለበትና። ፈተና የደረሰባት ልጃችን «ሆዴ ባር ባር አለኝ» ስትለን «ምንም የሚያስፈራ የለም» ከማለት «ሊልሽ ይችላል፤ እንደዚያም ሆኖ እርሳስሽን ይዘሽ መግባት ትችያለሽ» ብንላት ይሻላል።

ጭንቀቱ እንቅልፍና ምግብ የሚከለክል፣ ሥራ የሚያስተው ወይም የመሞት ሐሳብ የሚያመጣ ከሆነ ግን ያለ መዘግየት የአእምሮ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል። ልብን የሚያስመታ የአካል ሕመምም ሊኖር ስለሚችል ምርመራ ይቅደም። ቁርኣን ማስቀራትና ሐኪም ማየት እርስ በርስ የሚጋጩ ነገሮች አይደሉም፤ መታከም የታዘዝነው ነው።

ወንድማችን ከሐረር እንደተመለሰ ወደ አንድ ሐኪም መመላለስ ጀመረ። ለእጮኛውም ያለውን ሁሉ ነገራት። «ይህን ነው የደበቅኸኝ? እኔ የጠላኸኝ መስሎኝ ነበር» አለችው። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ኒካሁ ሲታሰር እኛም ተገኝተን ነበር። በሽማግሌዎቹ መካከል እንደተቀመጠ ግንባሩ ላቦት አወጣ፤ ጣቶቹም ሲንቀጠቀጡ አየን። ቀና ብሎ በሩን ተመለከተ። ከዚያም ዓይኑን መልሶ ቃሉን ሰጠ። ድምፁ ትንሽ ቢንቀጠቀጥም ሁሉም ሰምቶታል። ጭንቀቱ ዛሬም አልፎ አልፎ ይመጣበታል። ይመጣል፤ ይሄዳል። እርሱ ግን በጁሙዓ ቀን የሚቆመው ከፊተኛው ሰፍ ነው።

አላህ ልባችንን ያርጋልን፤ በማይረጋበትም ጊዜ ሥራችንን የምንሠራበትን ጽናት ይስጠን። አሚን።